የሥራ ስሞች ትምህርት በእንግሊዝኛ ክፍል፤ ከሥዕሉ ውጭ የቀሩ ወላጆች

ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች ከሚሰጡት የቃላት ትምህርቶች መካከል የሥራ ዓይነቶች ስም የሚቀርብበት ክፍል ከቀላሎቹ ይመደባል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም፣ ጠመኔ የያዘች መምህርት፣ መሪ የጨበጠ ሾፌር በሥዕል ይታያሉ፤ ተማሪው በየሥዕሉ ሥር ያለውን ቃል ያነባል፣ ይደግማል፣ በደብተሩ ይገለብጣል። ቃሉን ከሥዕሉ ጋር ካዛመደ ትምህርቱ እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት የጨረሰ ተማሪ «እናትህ ምን ትሠራለች?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልስ ያጣል።

ችግሩ የሚጀምረው «ሥራ» ከሚለው ቃል ነው። አማርኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን እንግሊዝኛ «ዎርክ» እና «ጆብ» ብሎ ይከፍለዋል። ጆብ ይቆጠራል፤ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሊኖረው ይችላል። ዎርክ ግን በዚህ ትርጉሙ አይቆጠርም፤ «ኤ» የተባለችውን ንኡስ ቃልም ከፊቱ አያስቀድምም። በአንጻሩ «ዶክተር» የመሰለው የሥራ ስም ያለዚህች ቃል አይነገርም። አማርኛ «ሐኪም ነው» ማለት ስለሚበቃው ተማሪው በእንግሊዝኛም «ሂ ኢዝ ዶክተር» ብሎ ያልፋል። ሥዕልና ስም ብቻ በተደረደሩበት ገጽ ላይ ይህች ትንሽ ቃል ከየት ትታየው?

የቃላቱ አመሠራረትም ተዘንግቷል። የአማርኛ ተናጋሪ ከግስ የሠሪውን ስም ማውጣት ያውቃል፤ ከሰፋ ሰፊ፣ ከገዛ ገዢ፣ ከአረሰ አራሽ ይላል። እንግሊዝኛም በግሱ መጨረሻ «ኧር» እየጨመረ ቲቸር፣ ድራይቨር፣ ፋርመር ይላል። ይህን መመሳሰል ያስተዋለ መምህር ከጥቂት ግሶች ብዙ ስሞችን ሊያስገኝ ሲችል ሁሉንም ለየብቻ ማስጠናቱ ድካም ማብዛት ነው። ደንቡ ወጥመድ እንዳለበት ግን አይካድም። ምግብ የሚያበስለው ሰው «ኩክ» ነው፤ «ኩከር» ያለ ልጅ እናቱን ምድጃ አደረጋት። «ኮምፒውተር» እንኳ መሣሪያው ከመፈልሰፉ በፊት በስሌት ሥራ የሚተዳደር ሰው መጠሪያ ነበር። ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሾፌር»ም ያሳስታል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ በተለይ የሚነገረው የሌላውን ሰው የግል መኪና ለሚነዳ ቅጥረኛ እንጂ ለአውቶቡስ ነጂ አይደለም። «ኩከር» የሚለው ልጅ ከሁሉም በፊት ደንቡን የተረዳው ነውና በቀይ እስክሪብቶ ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የስሞቹ ምርጫ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የሥራ መደቦች ዝርዝር 436 ዝቅተኛ ምድቦች አሉት፤ ውኃ ቀጂዎችና እንጨት ለቃሚዎች በአንድ ምድብ ታውቀዋል፣ የመንገድ ዳር ሻጮችም አልተረሱም። በተለመደው የመማሪያ ገጽ ግን አውሮፕላን አብራሪ አለ፤ እንጨት ለቃሚ የለችም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ ወይም ጉልት ለምትቸረችር እናት መጽሐፉ ያዘጋጀው ቃል «ሃውስዋይፍ» ብቻ ነው። አማርኛው «የቤት እመቤት» እያለ ማዕርግ ቢጨምርበትም ፍሬ ነገሩ አይለወጥም። ልጅቱ ዐረፍተ ነገሩን ያለ ግድፈት ትጽፋለች፣ ሙሉ ማርክም ታገኛለች፤ የጻፈችው ግን እውነት አይደለም።

የእጅ ሠራተኞች ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል፤ የቀጥቃጭና የሸክላ ሠሪ ልጅ ዛሬም በክፍል ውስጥ የወላጁን ሙያ ከመናገር የሚቆጠብበት ጊዜ አለ። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ያልታሰበ አገልግሎት አለው። «ስሚዝ» ማለት ቀጥቃጭ ሲሆን በእንግሊዝ አገር እጅግ ከተለመዱት የቤተ ሰብ ስሞች አንዱ ነው፤ ፖተርም፣ ዊቨርም እንዲሁ የሰው መጠሪያ ሆነዋል። ይህን የሚያስረዳ መምህር ቃል ከማስተማር ያለፈ ሥራ ሠራ። ልጆቹን በተራ እያስነሡ የወላጆቻቸውን ሥራ ማስነገር ግን፣ መልካም ልምምድ ቢመስልም፣ አንዳንዱን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ይሆናል። የሰፈሩን ወይም የገበያውን ሠራተኞች ማስቈጠር የተሻለ ነው።

መድኃኒቱ የስሞችን ዝርዝር ማርዘም አይደለም። ትምህርቱ ከግሱ ቢጀምር ስም የሌለው ሥራ ሁሉ ይነገራል፤ ለጠላ ጠማቂ የሚሆን የእንግሊዝኛ ስም ከመፈለግ «ጠላ ትጠምቃለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሸጣለች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ማስባል ይቀልላል፤ የአሁን ጊዜ ግስና የቀናት ስምም አብረው ይለመዳሉ። የመምህሩ በጎ ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም። ፈተናው በ«ሀ» ሥር ያለውን ሥዕል በ«ለ» ሥር ካለው ስም ጋር «አዛምዱ» እያለ እስከ ቀጠለ ድረስ፣ በግስ ያስተማረ መምህር ተማሪዎቹን ያስጐዳ ይመስለዋል። መጻሕፍቱ እስኪታረሙ መጠበቅ ሳያስፈልግ ፕላን አውጪዎች ይህን ጥያቄ «ይህች ሴት ምን ትሠራለች?» በሚል ሊለውጡት ይችላሉ።