ያቺ አሮጌ ገመድ!

ኧረ እናንተዬ፣ ስሙኝ! ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፈው! መሳቢያ ውስጥ ከተበላሹ ቻርጀሮች ጋር ተጠላልፋ ስንት ዓመት የተኛች አንዲት ጥቁር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ቤቴን ሲኒማ ቤት አደረገችው! እዚሁ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ በኔ ሳሎን!

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሃርድ ዲስክ ይዛልኝ መጣች። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ጭኗ ላይ! ምን የሌለበት አለ! የአማርኛ ፊልም በሽ በሽ! የበዓል ድራማ! የአጎታችን ልጅ ሰርግ፣ ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ! ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ አምስት ሰው በአንዲት መዳፍ በምታህል ስክሪን ልንጋፋ ነው ብዬ ሳስብ፣ ራውተሬን አቧራ ልጠርግ ዞር ባደርገው፣ ጀርባው ላይ ሰማያዊ የዩኤስቢ ቀዳዳ! ሁለት ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም!

ሰካሁት። ከራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ሚዲያ ሰርቨር የምትለዋን አበራሁ። ቴሌቪዥኑን ስከፍት ሃርድ ዲስኩ በስሙ ብቅ አለ! በስማም! ገመድ የለ፣ ዳታ የለ፣ አንድ ሽልንግ አይቆጥር! ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ ግድ የለውም፤ ፊልሙ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚመላለሰው! እልልታዬን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ!

ሙሽራዋ ቬሏን ገልጣ ልትስቅ ስትል... ቀጥ! አፏን እንደከፈተች ቀረች! ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ማጀት ያለው ስልኬ ዋይፋዩን ጭራሽ አጣው። «ኔትወርክ ነው!» አልን ሁላችንም። ኔትወርክን መስደብ እዚህ እንደ ሰላምታ ነው። ራውተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፉንዲ (የጥገና ባለሙያ) ልጠራ ስልኬን ሳነሳ የእህቴ ልጅ፣ ገና የአሥር ዓመት ልጅ፣ «አክስቴ፣ እስቲ ሃርድ ዲስኩን ንቀዪው» አለችኝ።

ነቀልኩት። ዋይፋዩ ሙሉ! ሰካሁት። ጠፋ! ነቀልኩት፤ መጣ! ሰካሁት፤ ጠፋ! ወይ ጉድ! ለካ ሌባው ቤት ውስጥ ነው! የዋህ ኔትወርክ፣ ስንት ስድብ ጠጣ!

ምክንያቱን ሳነብማ ጨርሶ አበድኩ! ሰማያዊው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ነው፤ በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ይጋልባል። ሲጋልብ ደግሞ የሬዲዮ ጫጫታ ይረጫል! ጫጫታው የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ዋይፋዬ በሚያወራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ! ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ሰነድ አውጥቶበታል! ኬላው ጋ የሚያጓራ ሎሪ ሥር ቆማችሁ ለሰው በጆሮው ሚስጥር ነግራችሁ ታውቃላችሁ? የኔ ራውተር ሲሰቃይ የከረመው እንዲያ ነው። ስልኬ ከማጀት ሆና ትጠራዋለች፤ እሱ ከጎኑ ሎሪ አስነስቶ ምን ይስማ!

አሁን ገመዷ ትግባ! ዩኤስቢ 3 ዘጠኝ መገናኛ አለው፤ ያቺ አሮጌ ጥቁር ገመድ ግን አራት ብቻ! አምስቱ አዳዲሶቹ መተላለፊያ የላቸውም! ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ሳይወድ በግዱ ወደ ዩኤስቢ 2 ይወርድና ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ይላል! ፍጥነት ይቀንሳል ትሉኝ ይሆናል። ይቀንስ! በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት እኮ ነው፤ ብዙው ፊልም በሰከንድ 10 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም! (የአንዳንዱ ራውተር ማስተካከያ ላይ ዩኤስቢ 2 የሚል ምርጫ አለ፤ ካገኛችሁት ዛሬውኑ ምረጡት! እኔ ግን ገመዴን በምንም አልለውጣት!)

ገመዷን በመሃል ሰካሁና ስልኬን ይዤ ማጀት ገባሁ፤ ሙሉ። ጓሮ ወጣሁ፤ ሙሉ! ልብስ ማስጫው ሥር፣ ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ፣ ዋይፋይ ሙሉ!

ቀጥሎ አዲስ ድምፅ መጣ። ቅጭ... ቅጭ... ቅጭ። ሃርድ ዲስኩ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ርቦታል! ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ሲነሳ ጊዜ ጉልበት ይፈልጋል። ዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሚሊአምፒር ያጎርሰው ነበር፤ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ፣ ኢትዮጵያ በኩል የራሱ መብራት ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ገዝቼ ተመለስኩ። እሱስ ጉድ አያልቅም! መሰኪያው ባለ ሁለት ክብ እግር፣ የኔ ግድግዳ ደግሞ የኬንያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ! መብራቱ ራሱ ከኢትዮጵያ በኩል እየተሻገረ ለሚመጣ ከተማ ሶኬቱ ብቻ ፓስፖርት ጠየቀ! ሱቅ ወርጄ መለወጫ ገዛሁና ገመዷን ከራውተሩ፣ ማከፋፈያውን ከገመዷ፣ ሃርድ ዲስኩን ከማከፋፈያው!

ዝምምምም። እያንጎራጎረች እንደምትተኛ ድመት! እጄን ጫን ሳደርግበት ለብ ያለ ብረት፣ ትንሽ ንዝረት፣ ሰማያዊ መብራቱ ጥቅስ ጥቅስ። ሙሽራዋ ሳቀች! እስክትጨርስ ሳቀች!

ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ይሞላል። በስዋሂሊም ያው ሁለት ሰዓት፣ «ሳ ምቢሊ»፣ ስለሆነ በቀጠሮ የሚጣላ የለም! ቦረና ጎረቤቴ አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ ቀልዱ ሳያልቅ ቀድማን የምትስቀው ግን እሷ ናት! ልጆቹ መኝታ ቤት በስልክ ሌላ ፊልም፣ እኛ ሳሎን በቴሌቪዥን ሰርግ፣ ሁሉም ከዚያች አንዲት ሃርድ ዲስክ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳትንተባተብ! ትናንት ቅልቅሉን ሦስቴ አስደገሙኝ!

ኧረ ተነሱ! መሳቢያችሁን ክፈቱ! ጥቁር አፍ ያላት ማራዘሚያ አትጠፋም! አሁኑኑ ሰክታችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ጓሮ ውጡና... ውይ! ሲያወራ ቆይቶ አፌ! ጀበናዬ ገነፈለ!