የሰውን ምስጢር የምትመረምር ሴት

ወንጀልን ስለ መመርመር የሚጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የመርማሪውን ብልሃት ያሳዩናል፤ ልቡን ግን አያሳዩንም። እንግሊዛዊቱ ደራሲ ዣክሊን ዊንስፒር በፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 ያሳተመችው «ሜይሲ ዶብስ» የተባለው መጽሐፍ ግን ከዚህ ልማድ ይለያል። የደራሲዪቱ አያት በ1916 በሶም ጦርነት የቈሰለ ሰው ነበርና፥ መጽሐፉ ከወንጀሉ ይልቅ ስለ ቍስሉ የሚያስብ ሆኖ እናገኘዋለን።

ታሪኩ በ1929 በሎንዶን ይጀምራል። ሜይሲ የምትባል ወጣት ሴት ለግል ምርመራ ሥራ ጽሕፈት ቤት ትከፍታለች፤ አንድ ባለጠጋም ሚስቱ በስውር ወዴት እንደምትሄድ እንድትመረምርለት ይመጣል። ብትከተላት፥ ሴትዮዪቱ የምትሄደው ወደ ውሽማ ሳይሆን ወደ መቃብር ሆኖ ተገኘ፤ በድንጋዩም ላይ ቪንሰንት ከሚለው ስም በቀር ሌላ አልተጻፈበትም። ቪንሰንት በጦርነት ፊቱ የተበላሸ ወታደር ነበረ። እንደ እርሱ ያሉት ቍስለኞች የቤተ ሰባቸውን ስም ትተው፥ ከሰው ዓይን ርቀው በአንድ እርሻ ይኖራሉ፤ ከዚያ ለመውጣት የሚፈልግ ግን በሕይወት አይወጣም። የመጽሐፉ ሰም ይህ ነው።

ወርቁ የመርማሪዪቱ የራሷ ታሪክ ነው። የድኻ አትክልት ሻጭ ልጅ ናት፤ እናቷ ስለ ሞተችባት በ13 ዓመቷ በጌቶች ቤት ገረድ ሆነች። ሌሊት ተነሥታ መጽሐፍ ስታነብ እመቤቲቱ ብታገኛት፥ በመቅጣት ፈንታ ሞሪስ ብላንሽ ለተባለው ሊቅ ሰጥታ አስተማረቻት። ኋላም ትምህርቷን አቋርጣ፥ ዕድሜዋን ጨምራ ተናግራ፥ ቍስለኞችን ለማስታመም ወደ ፈረንሳይ ዘመተች። በዚያም ሲመን የተባለውን ሐኪም ወደደች፤ ሁለቱ በሥራ ላይ ሳሉ ግን የመድፍ ጥይት ወደቀባቸው። እርሷ ዳነች፤ የእርሱ ነገር እስከ መጨረሻው ተሰውሮ ይቈያል።

ባለ ታሪኳ የምታውቀውን ከአንባቢ መሰወር ተገቢ ነውን? በቅኔ ቤት ወርቁ ከሰሙ ጋር ያልተያያዘ እንደ ሆነ መምህሩ አይቀበለውም። የዚህ ግን ተያይዟል። ሲመን አልሞተም፤ ልቡናው ጠፍቶ በሕመምተኞች ቤት ይኖራል፤ እርሷም ለብዙ ዓመታት ልታየው አልደፈረችም። እነዚያ ወታደሮች ፊታቸውን ከዓለም ሰወሩ፤ እርሷ ደግሞ ፊቷን ከወደደችው ሰው መለሰች። እንግዲህ የሌላውን ስውር ነገር የምትገልጥ ሴት የራሷን ሸሽጋ ኖራለች፤ የእርሻው ምርመራም ሳታውቀው ወደ ሲመን የሚወስዳት መንገድ ሆነ።

ነቀፋም አይታጣም። በመካከል ያለው የልጅነቷና የዘመቻዋ ታሪክ እጅግ ስለ ረዘመ፥ አንባቢ የተጀመረውን ምርመራ ሊረሳው ይደርሳል። ደግሞም እርሻውን በምትመረምርበት ወራት የቀድሞዪቱ እመቤቷ ልጅ ወደዚያው ለመግባት መነሣቱ፥ በደራሲዪቱ ፈቃድ እንጂ በታሪኩ ግድ የመጣ አይመስልም። ሜይሲም ጥቂት ብትሳሳት ኖሮ ይበልጥ ባመንናት ነበር።

ነገር ግን መጨረሻው ይህን ሁሉ ይክሳል። ወንጀለኛው ከተገለጠ በኋላ ሜይሲ ሲመንን ልትጠይቅ ትሄዳለች። እርሱ አያውቃትም፤ ምስጋናም መልስም የለም። ሆኖም አጠገቡ ትቀመጣለች። ሌሎቹ መጻሕፍት ነፍሰ ገዳዩን በመያዝ ይፈጸማሉ፤ ይህ ግን የመርማሪዪቱን ዕዳ በመክፈል ስለ ተፈጸመ፥ ሊነበብ የተገባው ነው እንላለን።