ስለ ኮሶ ስንጽፍ ዐይንን ለምን እንረሳለን?

ከጉለሌ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚንጠለጠል፣ ቀላ ያለ ዘለላ አበባ ያንዠረገገ ዛፍ ካያችሁ ኮሶ ነው። ቀላ ያለችው ሴቴዋ ናት፤ ለመድኃኒትነት የምትፈለገውም እሷው። በአማርኛ ዛፉም ኮሶ፣ ከጥሬ ሥጋ የምናገኘው ረጅሙ ትልም ኮሶ ይባላል። በሽታውና መድኃኒቱ አንድ ስም እስኪጋሩ ድረስ ተላምደነዋል ማለት ነው።

ቅሬታዬ ስለ ኮሶ በሚጻፈው ላይ ነው፤ በተለይ እኛው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በምንጽፈው። የባህል መድኃኒት ጥናቶችን ገልጣችሁ ከሆነ ሰንጠረዡን ታውቁታላችሁ፦ የተክሉ ስም፣ የሚያገለግለው ክፍል፣ የሚያክመው በሽታ፣ አዘገጃጀት። «አበባው ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል።» አለቀ፣ ወደ ቀጣዩ ተክል። ስንት ግራም? የጠጣው ሰው እንዴት አደረ? ለዚህ ዓምድ የለም። ጥሩዎቹ ጥናቶች «መጠኑ ወጥ አይደለም» ይላሉ፤ እሱም በአንድ መስመር።

ኮሶ አይሠራም እያልኩ አይደለም። ይሠራል እንጂ! ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎለታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የአውሮፓ ፋርማሲዎች አበባውን ይሸጡት ነበር። ችግሩ ያለው የሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ትሉን ከሚጎዱት ንጥረ ነገሮች አንዱ ኮሶቶክሲን ይባላል፤ «የኮሶ መርዝ» እንደማለት ነው። መርዝ ደግሞ ትልና ሰው አይለይም፤ የሚለየው መጠኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ኮሶ ስላስከተለው የዐይን ጉዳት የሚያትት ጽሑፍ አወጣ። በ1985 ደግሞ በጫጩቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ኮሶም፣ ከእኛ እንቆቆ ጋር አንድ ወገን የሆነ ሌላ ተክልም እይታንና ሬቲናን እንደሚጎዱ አሳየ። ይኸው ከታተመ ስንት ዓመቱ! ሰንጠረዦቻችን ግን አሁንም የሚያውቁት ሆድን ብቻ ነው።

«አባቶቻችን ሲጠጡት ኖረው የለም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ኖረዋል። ግን ጠጥቶ ዐይኑ የደከመውን ማን ቆጠረው? ኮሶ በጠጣ በሳምንቱ ማየት ያቃተው ሰው ጥፋቱን በምች ወይም በቡዳ ቢያሳብብ አይገርምም። ትሉ ሲወጣ ሁሉም ያያል፤ ዐይን ግን ቀስ እያለ ሲደክም ከኮሶው ጋር የሚያገናኘው የለም።

ቻይናዎችን እዩ። ፉዚ የሚባለው የአኮናይት ሥር ጥሬውን ልብ የሚያቆም መርዝ ነው። እነሱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል መርዙ እንደሚቀንስ ስለሚያውቁ አዘገጃጀቱንና መጠኑን በብሔራዊ የመድኃኒት መጽሐፋቸው ደንግገውታል። እንዲያም ሆኖ ሰው ይመረዝበታል፣ አይካድም። ግን ቢያንስ ደንቡ ተጽፏል፤ ሐኪሙም ምን እንደተጣሰ ያውቃል። የእኛ ኮሶ ዛሬም በእፍኝና በጣሳ ነው የሚለካው። እዚያው ጉለሌ፣ ፓስተር ግቢ፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባህላዊ መድኃኒት የሚያጠና ክፍል ስለነበረው ቤተ ሙከራ አልነበረንም ማለት አንችልም።

እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ነፍሰ ጡር ኮሶ አትጠጣ፤ ጽንስ ለማስወረድም ሲያገለግል የኖረ ነው። የኮሶ ትል የጠረጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ አስመርምሩ፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በሐኪም ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ መጠን ይጨርሰዋል። ቀድሞ ጠጥቶ ዐይኑ የደበዘዘበት ሰው ቤታችሁ ካለ ቶሎ ወደ ዐይን ሐኪም ውሰዱት፤ ኮሶ መጠጣቱንም ሳታፍሩ ንገሩ። ሐኪሙ ካልተነገረው ላይጠይቅ ይችላል፤ እሱም የተማረው ከእኛው ሰንጠረዥ ነው።