የአፍሪቃ ዋንጫ በየትኛው ወር? ስለ ወቅቱ አመዳደብ የቀረበ ትችት

ስለ አፍሪቃ የእግር ኳስ ዋንጫ ክርክር በተነሣ ቍጥር አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም ውድድሩ የኤውሮፓ ክለቦች በሚያርፉበት በሰኔና በሐምሌ ቢደረግ ጠቡ ሁሉ ያበቃል የሚል ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የክፍለ ዓለሙን የአየር ጠባይ ለተመለከተ ሰው ግን ብዙ ጉድለት አለበት። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት መመርመርና የኤውሮፓ ክለቦችንም ሆነ የራሳችንን የእግር ኳስ አስተዳዳሪዎች ስሕተት ለይቶ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች ዓመቶቹ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ወሮቹ ግን በእኛ ስም ተጽፈዋል።

፩. የቀድሞው ልማድ

ጥር የውድድሩ የጥንት ወር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ታሪኩ ግን ይህን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ውድድር ሱዳን፣ ግብጽና ኢትዮጵያ ብቻ ተካፍለውበት በ1957 በካርቱም ሲደረግ ወሩ የካቲት ነበር። ሁለተኛው በ1959 በካይሮ በግንቦት ተደረገ። ሦስተኛው በ1962 በአዲስ አበባ በጥር ሆነ፤ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት የፍጻሜ ግጥሚያም የዋለው ጥር 13 ቀን፣ ማለት ከጥምቀት በሁለተኛው ቀን ነበር። የ1963ቱ የጋናና የ1965ቱ የቱኒዝያ ውድድሮች ደግሞ በኅዳር ተደረጉ።

እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ውስጥ ብቻ አራት የተለያዩ ወሮችን እናገኛለን። በካርቱም የካቲት ቃጠሎው ገና ያልበረታበት ጊዜ ነው፤ በአዲስ አበባ ጥር ደረቅ በጋ ነው። ያን ጊዜ ተካፋዮቹ ጥቂቶች፣ ውድድሩም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን የሚያልቅ ስለ ነበረ ሥራው ቀላል እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም ወሩ ከአገሩ ጋር ሊለዋወጥ እንደሚችል ታይቶአል። የእኛ ክረምት በሰኔ ገብቶ በሐምሌ እንደሚበረታ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ ይህ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

፪. የ2017ቱ ውሳኔና ያስከተለው ውጤት

በ2017 የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የተካፋዮቹን ቍጥር ከ16 ወደ 24 ከፍ አድርጎ ውድድሩን ወደ ሰኔና ሐምሌ አዛወረው። የ2019ኙ ውድድር በዚሁ መሠረት በግብጽ ተደረገ። ዝናብ አልነበረም፤ ነገር ግን ከሙቀቱ የተነሣ ተጫዋቾቹ ውኃ እንዲጠጡ በ30ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ጨዋታውን ማቆም አስፈለገ። ይህን እንኳ መቻል ይቻላል።

የሚከተለው ተራ ግን የካሜሩን ነበር። የካሜሩን ታላቅ ወደብ ዱዋላ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ዶፉም የሚበረታው በዚያው በእኛ ክረምት ወራት ነው። ስለዚህ በ2020 መጀመሪያ ላይ ቀኑ ወደ ጥር ተመለሰ፤ ኋላም በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2022 ተላለፈ። ለኮት ዲቯርም የተመደበው የ2023 ሰኔ ነበር። ሰኔ ግን ለአቢጃን ከዓመቱ ወሮች ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ ስለዚህ ይህም ወደ 2024 ጥር ተዛወረ። ስጋቱ ባዶ እንዳልነበረ ኋላ ታየ። በመስከረም 2023 ኮት ዲቯር ከማሊ ጋር በአቢጃን ስታዲየም ስትጋጠም ሜዳው በዝናብ ተጥለቅልቆ ጨዋታው ከዕረፍት በኋላ ሊቀጥል አልቻለም። የዋንጫው ፍጻሜ ግን በየካቲት 2024 በዚያው ስታዲየም ያለ እክል ተፈጸመ።

የዱዋላና የአቢጃን የዝናብ መጠን የተሰወረ ምስጢር አይደለም፤ በማንኛውም የጂኦግራፊ መጽሐፍ ይገኛል። ሁለት ውድድሮች በተከታታይ በዚሁ ምክንያት መዛወራቸው ውሳኔው ሲሰጥ ይህ በሚገባ እንዳልተመዘነ ያሳያል። ይህም የክለቦቹ ሳይሆን የራሳችን አስተዳዳሪዎች ጥፋት ነው።

በሌላ በኩል ጥርም ከችግር የጸዳ ወር አይደለም። በ2022 በካሜሩን የባሕር ዳርቻ በሊምቤ ቱኒዝያና ማሊ በቀትር ወበቅ ሲጋጠሙ፣ የዛምቢያው ዳኛ መጀመሪያ በ85ኛው ደቂቃ፣ ከዚያም 90ው ደቂቃ ሳይሞላ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ፤ ምክንያቱም ሙቀቱ እንደ ነበር በኋላ ራሱ ገለጸ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የወሩ ሳይሆን የሰዓቱ ነበር።

፫. የሰማይ ፈቃድና የገንዘብ ፈቃድ

የአየር ጠባይን ምክንያት የሚያቀርቡ ሁሉ በእውነት ስለ አየር ጠባይ ያስባሉን? የሞሮኮ ውድድር ጥያቄውን ይመልሳል። የሞሮኮ በጋ በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ዝናብ የሚጥለው በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ የ2025ቱ ውድድር በሰኔ ቢደረግ ሰማዩ በፈቀደ ነበር። ዳሩ ግን ፊፋ ያንኑ ጊዜ በአሜሪካ 32 ክለቦች ለሚሳተፉበት ውድድር ስለ ያዘው፣ የአፍሪቃ ዋንጫ በታኅሣሥ ተጀምሮ በጥር እንዲያልቅ ሆነ። ክለቦቹም ተጫዋቾቻቸውን የመልቀቅ ግዴታ የነበረባቸው ከመክፈቻው 6 ቀን በፊት ብቻ ነበር። በአሜሪካውም ውድድር ሙቀቱ ተጫዋቾችን አማርሮአል፤ በመብረቅ ምክንያትም ጨዋታዎች ተቋርጠዋል። ነገር ግን አሜሪካ ለእግር ኳስ አትመችም ሲባል አልሰማንም።

የካታርም ነገር እንዲሁ ነው። ካታር በ2010 ተመረጠች፤ በ2015 የዓለም ዋንጫው ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በ2022ም የኤውሮፓ ታላላቅ ሊጎች ውድድራቸውን አቋርጠው ጠበቁ። ፈቃድ ካለ የኤውሮፓም የጊዜ ሰሌዳ እንደሚታጠፍ ይህ በቂ ምስክር ነው።

በታኅሣሥ 2025 ካፍ ውድድሩ ከ2028 ወዲህ በየ4 ዓመቱ እንዲሆን መወሰኑን አስታወቀ። ይህ ለጠቡ መፍትሔ ተብሎ ሊወደስ ይችል ይሆናል፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን ማስላት ይገባል። ዐሥር ዓመት የሚጫወት ሰው ቀድሞ 5 ዋንጫ ያገኝ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚያገኘው 2 ወይም 3 ነው። ከ1982 እስከ 2013 ለ31 ዓመታት ከውድድሩ ውጭ እንደ ኖረችው እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር አንድ ዕድል ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን።

፬. ማጠቃለያ

አፍሪቃ ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም የተዘረጋች ስለ ሆነች ለሁሉ የሚስማማ አንድ ወር አይገኝም። በ2010 ደቡብ አፍሪቃ የዓለም ዋንጫን በሰኔ ያለ ችግር ያስተናገደችው ወሩ የእርስዋ ቀዝቃዛ ክረምት ስለ ነበረ ነው፤ አቢጃን ይህን ልታደርግ አትችልም። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ አስተናጋጁ አገር በተመረጠበት ዕለት የዝናቡና የሙቀቱ መዝገብ ቀርቦ፣ ወሩም የጨዋታው ሰዓትም በዚያው እንዲቈረጥ ማድረግ ነው። ክለቦችም ከብዙ ዓመት በፊት ስለሚያውቁት ድንገት ደረሰብን ለማለት ምክንያት አይኖራቸውም። ይህን ሳያደርጉ ወር እየለዋወጡ መኖር ግን ለተቃዋሚው ራስ መሣሪያ ማቀበል ነው።