ተራ የማይጠበቅበት መክፈቻ

ዛሬ በእስራኤሏ ቂርያት ማላኪ ውስጥ ቼስ የሚማር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው «አንዴ አንተ፣ አንዴ እሱ» የሚለው ሕግ ነው። ወላጆቹ በመጡባት ኢትዮጵያ ግን የአገሬው ቼስ፣ ሰንጠረዥ፣ የሚከፈተው በሌላ መንገድ ነበር። ተጫዋቾቹ በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ይቀመጡና፣ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠጠር ማንቀሳቀስ ይጀምሩ ነበር። ይህ ወረራ ይባል ነበር። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ይቀጥልና ከዚያ በኋላ በተራ ይሆን ነበር። የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን አጥብቀው ይወዱት እንደነበር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጎበኛቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ጽፏል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም አጨዋወቱን መዝግቦ ትቶልናል።

ወረራው ላዩን ላየው ግርግር ነው። እኔ ግን ከዚህ የረቀቀ መክፈቻ አላውቅም። የሰንጠረዥ ጠጠሮች አዝጋሚ ናቸው። በዛሬው ቼስ በንግሥቷ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል (ዝሆኑ) በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች 8ቱን ብቻ ይረግጣል። በተራ ቢሆን ጦር ከጦር እስኪገናኝ ብዙ ይፈጅ ነበር። በ10ኛው መቶ ዘመን እንደ አል ሱሊ ያሉ የባግዳድ ሊቃውንት ይህን ያቀለሉት ስም ያላቸውን አሰላለፎች በማጥናት ነው። የእኛዎቹ ሁለቱንም እጆች በአንድ ጊዜ ለቀቁና ጨዋታውን የዓይን ፉክክር አደረጉት።

እስቲ አንዲቱን ብልሃት ቀረብ ብለን እንያት። ጎበዙ ፈረሱን ያወጣና ደፈር ብሎ ፊት ላይ ያቆመዋል። ባላጋራው ሊያባርረው እግረኛውን አንድ ቤት ይገፋል። ፈረሱ ወዲያው ዞሮ በሌላው ክንፍ ብቅ ይላል። እግረኛው ግን ቦታውን ለቋል፤ ይጠብቀው የነበረው ቤት ያለ ጠባቂ ይቀራል። ፈረሱም የወጣው ለዚያች ቤት ነበር! ይህ ሁሉ የሚሆነው የሌላው እጅ ሳያርፍ ነው።

ደግሞ ንጉሥን በደር (በዛሬው ቼስ ሩክ) ወይም በፈረስ መያዝ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ የሚያስከብረው በፊል፣ በፈርዝ፣ በእግረኛ መያዝ ነበር። ስለዚህ አዋቂ ተጫዋች ገና በወረራው ደካሞቹን ጠጠሮች ለፍጻሜው ብሎ ከጥቃት ያሸሻል። መጀመሪያ የበላ ደግሞ ወረራውን ያበቃል። ስለዚህ አሰላለፉ ያልተጠናቀቀ ሰው የሚበላ ጠጠር ፊቱ ተደቅኖ እያየ አልፎት፣ ሌላ እግረኛ አንድ ቤት ያራምዳል።