የጃፓን ሕልማዊ ልብ ወለድና የተቀበረው ታሪክ፦ ከሙራካሚ በኋላ ማንን እናንብብ?

የሃሩኪ ሙራካሚን ልብ ወለድ አንብቦ የወደደ ሰው «እንደዚህ ያለ ሌላ ደራሲ ማን አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ከላይ ነው። ድመት የሚናገርበት፣ ሰው በድንገት የሚሰወርበት፣ ሕልም ከእውን የማይለይበት መጽሐፍ ሁሉ «ጃፓናዊ» ተብሎ በአንድ መደርደሪያ ይሰለፍና አንባቢው ከዚያ እንዲመርጥ ይደረጋል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። በእኛ አስተያየት ቀጣዩን ደራሲ መምረጥ የሚገባን የታሪኩን እንግዳነት በመመዘን ሳይሆን፣ እንግዳው ነገር ምን ሸሽጎ እንደያዘ በመጠየቅ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻችን ሙራካሚ በ1994 እና በ1995 በሦስት ቅጽ ያሳተመው፣ በአማርኛ «እንደ ሰዓት የሚሞላው ወፍ ዜና መዋዕል» ልንለው የምንችለው ልብ ወለድ ነው። ሥራውን የለቀቀው ቶሩ ኦካዳ መጀመሪያ ድመቱ፣ ቀጥሎም ሚስቱ ይጠፉበታል፤ እርሱም በሰፈሩ ወደሚገኝ ውሃ አልባ ጉድጓድ ወርዶ በጨለማ ይቀመጣል። አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው ይህን ጉድጓድ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ሌላም ጉድጓድ አለ፤ ይኸውም ከ1939 የኖሞንሃን ጦርነት አስቀድሞ አንድ የጃፓን መኮንን በሞንጎልያ ምድረ በዳ የተጣለበት ነው። እንግዲህ ቶሩ ቁልቁል ሲወርድ የሚደርሰው ወደ ትዳሩ ምስጢር ብቻ ሳይሆን፣ አገሩ በአፏ ልታነሣው ወዳልወደደችው ጦርነት ጭምር ነው። እንግዳው ነገር ጌጥ አይደለም፤ ወደ ተቀበረው ታሪክ መውረጃ መሰላል ነው።

ይህን መሰላል ለመከተል የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ወደ ኮቦ አቤ (1924–1993) ቢሄድ እንመክራለን። አቤ ያደገው ያን ጊዜ በጃፓን ጉልበት ሥር በነበረችው በማንቹሪያ፣ በሙክደን ከተማ ነው። በ1962 የወጣው «የአሸዋዋ ሴት» የተሰኘው ልብ ወለዱ ነፍሳት ሊሰበስብ ወደ ባሕር ዳርቻ የሄደን አንድ መምህር ታሪክ ይተርካል። የመንደሩ ሰዎች በጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ከምትኖር መበለት ቤት ያሳድሩትና መሰላሉን ያነሡበታል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ እንዳይቀበር በየሌሊቱ አሸዋ ሲዝቅ ይኖራል። የሙራካሚ ጉድጓድ ገብተው የሚወጡበት ነው፤ የአቤ ጉድጓድ ግን የሚለመድ ነው። በመጨረሻ መሰላሉ ተዘርግቶ ሳለ እንኳ ሰውየው ለመሸሽ አይቸኩልም። ሙራካሚ አንባቢውን በሙዚቃና በምግብ ዝግጅት ያባብለዋል፤ አቤ አያባብልም። አንዳንዶች ደረቅ ነው ይሉታል፤ ለእኛ ግን ኃይሉ በድርቀቱ ላይ ነው።

ወደ ኋላ ብንመለስ ደግሞ ናትሱሜ ሶሴኪ በ1908 የጻፋቸውን አሥር ሕልሞች እናገኛለን። በሦስተኛው ሕልም አንድ አባት ዐይነ ስውር ልጁን አዝሎ በሌሊት ይጓዛል። ልጁም ከመቶ ዓመት በፊት የገደልኸኝ እዚህ ነበር ሲለው፣ በጀርባው ላይ እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። የተቀበረ በደል ሸክም ሆኖ ሲመለስ ከዚህ በበለጠ ቁጥብነት የተነገረበት ድርሰት ጥቂት ነው።

የሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ «ካፓ» (1927) ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጕም አለው። ካፓ በጃፓን ተረት በወንዝ የሚኖር ፍጡር ነው። ተራኪው የአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆን ወደ ካፓዎች አገር ወርዶ ያየውን ይናገራል፤ በዚያ ፋብሪካው ከሥራ ያሰናበታቸው ሠራተኞች ታርደው ሥጋቸው ይበላል። ይህ መጽሐፍ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1931፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ኅሩይ የብርሃን ማደሪያ ብለው የሰየሟትን አገር አኩታጋዋ ከውስጥ ሆኖ የሥልጣኔዋን ዋጋ ሲሰፍር ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ኅሩይን ማቃለል አይደለም፤ የጃፓን መንገድ ለሚያደንቀው እንግዳና ለሚኖርበት ባለአገር አንድ እንዳልነበረ መረዳት ነው።

በዚሁ በ«ካፓ» ውስጥ አባት በማኅፀን ያለውን ፅንስ መወለድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ፅንሱም አልፈልግም ይላል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» (1955 ዓ.ም.) ሳያስታውስ አይቀርም። አንዱ ከሌላው ወስዷል አንልም፤ ልዩነታቸውም ከመመሳሰላቸው ይበልጣል። የአኩታጋዋ ፅንስ የሚፈራው ከአባቱ የሚወርሰውን እብደት ነው፤ የአቤ ጉበኛ ፅንስ ግን ሙግቱ ከሚጠብቀው ዓለም በደል ጋር ነው። እንግዲህ ሕልማዊነት የጃፓን መንፈስ ብቻ ነው የሚለው አባባል በራሳችን መደርደሪያ ላይ ይፈርሳል።

ከዘመናችን ደራስያን የዮኮ ኦጋዋን «የትዝታ ፖሊስ» እናስቀድማለን። በአንዲት ደሴት ወፎች፣ ጽጌረዳዎች፣ በኋላም ልብ ወለዶች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ የማይረሱትን ሰዎች ፖሊስ ያድናቸዋል። የሚያስፈራው ግን ፖሊሱ ሳይሆን ነገሩ ከጠፋ በኋላ ሰዉ ምንም እንዳልጐደለበት ሆኖ መኖሩ ነው። መጽሐፉ በጃፓንኛ የወጣው በ1994፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ2019 ነው። ጃፓንን በእንግሊዝኛ በኩል ለምናነብ ሰዎች ይህ የሃያ አምስት ዓመት ልዩነት ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል፤ አዲስ ተብሎ የሚቀርብልን ሁሉ የአሳታሚ ምርጫ እንጂ የሥነ ጽሑፉ ቅደም ተከተል አይደለም።

ሂሮሚ ካዋካሚ በ1996 የአኩታጋዋ ሽልማት ባገኘችበት ድርሰት የተረገጠ እባብ ሴት ሆኖ «እናትሽ ነኝ» እያለ ቤት ይገባል። ቀልዱ ያስደስታል፤ የታሪክ ክብደት ለሚፈልግ ግን ቀለል ያለ ነው። ከ1982 ጀምሮ በጀርመን ኖራ በሁለት ቋንቋ የምትጽፈው ዮኮ ታዋዳ ግን በ2014 ያወጣችው ልብ ወለድ በሯን ዘግታ የባዕድ ቃላትን የከለከለች ጃፓንን ያሳያል፤ በዚያ ሽማግሌዎች አይሞቱም፣ ልጆች ግን መራመድ ያቅታቸዋል። ከአገር ርቆ አፉን በሁለት ቋንቋ ለሚፈታ ልጁ ለሚጨነቅ አንባቢ ይህ መጽሐፍ ሩቅ አይደለም።

ከጃፓን ውጭ አንድ ብቻ እንጠቁም፦ የሜክሲኮው ሁዋን ሩልፎ «ፔድሮ ፓራሞ» (1955)፤ አባቱን ፍለጋ የሄደ ልጅ ሙታን ብቻ ከሚነጋገሩበት መንደር ይደርሳል። አንባቢያችን ጊዜው አጭር ከሆነ ግን «ካፓ»ንና «አልወለድም»ን በአንድ ሳምንት ውስጥ አከታትሎ እንዲያነብ እንመክራለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሙራካሚ ጉድጓድ ቢመለስ ከበፊቱ ጠልቆ ያገኘዋል።