ሽልማቱና የቀርከሃ ቆራጩ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ2015 በኦስካር የረጅም አኒሜሽን ፊልም ዘርፍ «ቢግ ሂሮ 6» ሲሸለም፣ የጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታ «የልዕልት ካጉያ ታሪክ» ከዕጩነት አላለፈም። ፍርዱ ዳግም ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ። ተሸላሚው ትልሙ የተሰናሰለ፣ ሐዘንን ከሣቅ ያዛመደ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ዳሩ ግን የወንድሙን ሞት ሊበቀል የተነሣው ልጅ መጨረሻው ከወዲሁ ይገመታል።

ታካሃታ ከ1000 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን ተረት ፍጻሜ አልለወጠም፤ ልጅቱ ወደ ጨረቃ ትመለሳለች። የለወጠው ሌላ ነው፤ በተረቱ ከሩቅ ለምትታየው ልዕልት ውስጣዊ ዓለም ሰጣት። ከግብዣው ሸሽታ ስትሮጥ የሥዕሉ መስመር ራሱ ይሻክራል፣ ይበጣጠሳል፤ ቁጣዋን የሚነግረን ቃል ሳይሆን ከሰል የመሰለ ጭረት ነው። (የአጪዎቿ ክፍል ግን ተንዛዝቶብኛል።) በመጨረሻም ስለ ምድር ገና ስትናገር የመርሻውን ካባ ይደርቡባታል፤ ዐረፍተ ነገሯ ከመሐል ይቆረጣል። ድምፅ ሰጪዎቹ ይህን ትዕይንት እንዴት እንዳለፉት አልገባኝም።